ሠዓሊ፣ የሰላም መልእክተኛና አባት፦ የጴጥሮስ ጳውሎስ ሩበንስ ሕይወት

በቤልጅየም አገር፣ በአንትወርፕ ከተማ በሚገኘው የእመቤታችን ካቴድራል ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች አሉ። አንደኛው የጌታችን መስቀል ሲተከል፣ ሁለተኛው ቅዱስ ሥጋው ከመስቀል ሲወርድ ያሳያል። ሁለቱንም የሣለው ፒተር ፖል ሩበንስ፣ በእኛ አጠራር ጴጥሮስ ጳውሎስ ነው። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን በዚህ እትማችን ለውድ አንባብያን ልናቀርብ የወደድነው፣ ይህ ሰው ብዙ ሥራና ብዙ ክብር እየከበበው የአባትነትን አደራ እንዴት እንደ ተሸከመ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሩበንስ የተወለደው በ1577 በጀርመን አገር፣ ዚገን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ያን ሩበንስ የአንትወርፕ የሕግ ሰው ሲሆን፣ በሃይማኖት ጠብ ምክንያት አገሩን ጥሎ ወደ ኮሎኝ ተሰዶ ነበር። በዚያም የአንድ ታላቅ መስፍን ሚስት የሕግ አማካሪ ሆኖ ሳለ ከእርስዋ ጋር በዝሙት ስለ ወደቀ በ1571 ታሰረ፤ ሞትም ይጠብቀው ነበር። ሚስቱ ማርያ ፒፔሊንክስ ግን ይቅር ብላው፣ ወደ እስር ቤት የማጽናኛ ደብዳቤ እየጻፈች፣ ስለ እርሱ እየለመነችና ዋስትና እያቀረበች ነፍሱን አተረፈች። ጴጥሮስ ጳውሎስ የተወለደው እንግዲህ ይቅርታ ባቆመው ቤት ውስጥ ነው። አባቱ በ1587 ሲሞት እናቱ ልጆችዋን ይዛ ወደ አንትወርፕ ተመለሰች፤ በካቶሊካዊት እምነትም አሳደገቻቸው።

ልጁ ጥቂት ጊዜ በአንዲት ባላባት ቤት በአሽከርነት ካገለገለ በኋላ ሥዕል መማር ጀመረ፤ በ1598ም በቅዱስ ሉቃስ ስም በሚጠራው የሠዓልያን ማኅበር ዘንድ መምህር ተብሎ ተቈጠረ። በ1600 ወደ ኢጣልያ ሄዶ የማንቱዋ መስፍን ሠዓሊ ሆነ። መስፍኑ በ1603 ለስፔን ንጉሥ ስጦታ እንዲያደርስ በላከው ጊዜ፣ በመንገድ ዝናም ያበላሻቸውን ሥዕሎች በገዛ እጁ አደሰ። በ1608 እናቱ በጠና መታመምዋን ሰምቶ ከሮም ገሠገሠ፤ ነገር ግን በሕይወት አልደረሰባትም።

በ1609 ኢዛቤላ ብራንትን አገባ፤ ክላራ ሴሬና፣ አልበርትና ኒኮላስ የተባሉ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በማለዳ ተነሥቶ ቅዳሴ ካስቀደሰ በኋላ ወደ ሥራው ይገባ ነበር፤ እየሣለም መጻሕፍት እንዲነበቡለት ያደርግ ነበር። ሥራው ስለ በዛ ብዙ ረዳቶች ነበሩት። በ1620 ለኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጣራ 39 ሥዕሎችን ለማዘጋጀት ሲዋዋል፣ ከረዳቶቹ መካከል ወጣቱ ቫን ዳይክ ይገኝ ነበር። እነዚያ የጣራ ሥዕሎች በ1718 በእሳት ጠፍተዋል። ነገር ግን ያ ብርቱ ሠራተኛ ለማንም ሳይሸጥ የትንሽዋን ልጁን የክላራ ሴሬናን ፊት የሣለበት ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ጉንጮችዋ የቀሉ፣ ዓይኖችዋ በቀጥታ ወደ አባትዋ የሚመለከቱ ናቸው።

ክላራ ሴሬና በ1623 በ12 ዓመትዋ ሞተች። በ1626 ደግሞ ኢዛቤላ አረፈች። ሩበንስ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እጅግ መልካም የሕይወት ጓደኛ ማጣቱን ገልጦ፣ ቤቱ ሁሉ እርስዋን ስለሚያስታውሰው ጒዞ ሳይረዳው እንደማይቀር ተናገረ።

ጒዞውም መጣ። የኔዘርላንድ ገዥ የነበረችው ልዕልት ኢዛቤላ በስፔንና በእንግሊዝ መካከል ሰላም እንዲወርድ በ1628 ወደ ማድሪድ፣ በ1629ም ወደ ለንደን ተላከ። አልበርት 14፣ ኒኮላስ 10 ዓመታቸው ነበር፤ እናት አልነበራቸውም። አባታቸው ለሚያምነው ለሊቁ ወዳጁ ለኼቫርትስ አደራ ሰጣቸው፤ ከሩቅ ሆኖም ስለ አልበርት ይጽፍለት ነበር። በለንደን ለንጉሥ ቻርልስ ባበረከተው ሰላም ከጦርነት ስትጠበቅ በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ ያስተናገደውን ሰው ልጆች አስገብቶ ሣላቸው። በ1630 ሰላሙ ተፈረመ፤ ንጉሡም የናይትነት ማዕርግ ሰጠው።

በዚያው ዓመት ሄለን ፉርሞን የተባለች የከተማው ነጋዴ ልጅ አገባ። እርሱ 53፣ እርስዋ 16 ዓመት ነበሩ፤ በዘመናችን ሚዛን የሚከብድ ልዩነት ነው። ከመኳንንት ቤት እንዲያገባ ቢመከርም፣ ብሩሽ ሲይዝ የማታፍርበትን ሴት እንደ መረጠ እርሱ ራሱ ጽፏል። ከዚህም በኋላ ከልዕልቲቱ እግር ሥር ወድቆ ከመልእክተኛነት ሥራ እንድታሰናብተው ለመነ። ብዙዎች የሚመኙትን የክብር መንገድ በፈቃዱ ተወ። በ1635 በገጠር ርስት ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር በዚያ መክረም ጀመረ፤ ሪህ እጁን እያሠቃየውም ሚስቱንና ሕፃናቱን ይሥል ነበር።

ግንቦት 30 ቀን 1640 በአንትወርፕ አረፈ፤ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። የመጨረሻ ልጁ የተወለደችው እርሱ ካረፈ ከወራት በኋላ ነው። በኑዛዜው ንድፎቹ ሁሉ እንዳይሸጡ፣ ከወንዶች ልጆቹ ወይም ከአማቾቹ አንዱ ሠዓሊ ቢሆን ለእርሱ እንዲቀመጡ አዘዘ። የመጨረሻዋ ልጅ እስክታድግ ድረስ ተጠበቁ፤ ነገር ግን ሠዓሊ የሆነ ስላልተገኘ በ1657 ተሸጡ። የበኵር ልጁ አልበርት የጥንት ታሪክ ሊቅ ሆኖ ነበር።

ያ ኑዛዜ በከንቱ የተጻፈ አይመስለንም። ሩበንስ ተስፋ አደረገ እንጂ ማንንም አላስገደደም፤ በር ከፍቶ ጠበቀ። ልጆቻችን የእኛን ሙያ ባይወርሱ አንዘን። እናቱ በይቅርታ ያቆመችውን ቤት እርሱ በፍቅር ጠበቀው፤ ለልጆቹም ከንድፎቹ የበለጠ ርስት ይህ ነበር። እንጀራ ፍለጋ ከቤታቸው ርቀው የሚውሉ አባቶችም ሁሉ፣ ወደ ቤት የሚመለሱበትን ቀን እንደ እርሱ በፈቃዳቸው ይቍረጡ ዘንድ ምኞታችን ነው።