አድያም ሰገድ ኢያሱ እና የድኝ መድኃኒት

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ማክሰኝትን አልፎ ወደ እንፍራንዝ ሲያመራ፥ በስተቀኙ ያለው ሜዳ ቀስ በቀስ ወደ ጣና ሐይቅ ሲወርድ ይመለከታል። በዚሁ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ምጽራሐ የምትባል ደሴት አለች። ታላቁ ኢያሱ እየተባሉ የሚጠሩት ንጉሠ ነገሥት አድያም ሰገድ ኢያሱ የተቀበሩት በእርስዋ ነው። የእኒህን ንጉሥ ሥራ ብዙዎቻችን የምናውቀው በዘመቻቸውና በሕንፃቸው ነው። ሆኖም በሕይወታቸው ውስጥ ለዛሬው ወጣት ትምህርት የሚሆን ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ከደዌ ጋር ያደረጉት ትግል ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢያሱ አባታቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ባረፉበት በ1682 ነገሡ። በአያታቸው በዐፄ ፋሲል ዘመን በተጀመረው ልማድ መሠረት፥ የንጉሥ ዘር የሆኑ መሳፍንት ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በወህኒ አምባ ታግተው ይኖሩ ነበር። አዲሱ ንጉሥ ግን እነዚያን ዘመዶቻቸውን ሄደው እንደ ጎበኙና በክብር እንዳስተናገዷቸው ይነገራል። በ1694 የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተመረቀ፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃ ከእርሳቸው በኋላ የተሠራ ቢሆንም ደብሩ የእርሳቸው ተክል ነው። በፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ግንብ አሠሩ። ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖት ክርክር አሰሙ፤ በ1698ም የቀረጥንና የግብርን አሰባሰብ ሥርዓት አሻሻሉ።

ይህን ሁሉ ሲያከናውኑ ገላቸው ታሞ ነበር። ለምጽ የሚመስል የቆዳ ደዌ ያስቸግራቸው ጀመር፤ ከልጆቻቸውም አንዱ እንዲሁ ታመመ። መጽሐፍ ቅዱስን በሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የይሁዳ ንጉሥ ዖዝያን በለምጽ ተመትቶ ከሰው ተለይቶ እንደ ተቀመጠ፥ መንግሥቱንም ልጁ እንደ ያዘ ያልሰማ የቤተ መንግሥት ሰው አይኖርም። ስለዚህ የንጉሥ የቆዳ ደዌ የሥጋ ሕመም ብቻ ሳይሆን የዙፋን አደጋም ነበር።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ኢያሱ አልሸሸጉትም። ሐጂ ዓሊ የሚባል ወኪላቸው ወደ ካይሮ ወርዶ ሐኪም እንዲፈልግ አደረጉ። በዚያም ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ተገኘና በሰኔ ወር 1698 ጉዞ ተጀመረ። ከሐኪሙ ጋር አገልጋይ መስሎ የተነሣ ብሬቭዳን የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነበረ። መንገደኞቹ ዓባይን ይዘው ወጥተው፥ በረሃውን አቋርጠው፥ በዶንጎላና በስናር በኩል መጡ። ቄሱ ጎንደርን ሳያይ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ከተጓዘ በኋላ በሐምሌ ወር 1699 ጎንደር ገባ። ንጉሡንና ልጃቸውን አከመ፤ ሕመሙም ተሻላቸው። በግንቦት ወር 1700 በክብር ተሰናብቶ በምጽዋ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። ስለ ጉዞው የጻፈውን መጽሐፍ በአውሮፓ ብዙዎች ቢጠራጠሩትም፥ ከሰባ ዓመት በኋላ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ለእውነተኛነቱ ተከራክሮለታል።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለቆዳ በሽታ ከሚይዟቸው ነገሮች አንዱ ድኝ ነበር። ድኝ በእሳተ ገሞራ አገር የሚገኝ ቢጫ ማዕድን ነው፤ በእኛም አገር በአፋር በረሃ በዳሎል ይታያል። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ከስብ ጋር እየተለወሰ ሲቀባ ኖሯል። ይህም ከንቱ ልማድ አልነበረም። ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ ድኝ ያለበት ቅባት በቆዳ ውስጥ እየቆፈረች እከክን የምታመጣውን፥ በዓይን የማትታየውን ተባይ ይገድላል፤ የደረቀውንም የቆዳ ልጥ ያላቅቃል። በ2015 እና በ2016 በድርቁ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል በሰፊው በተዛመተ ጊዜ ይህ ነገር የታሪክ ወሬ ብቻ አለመሆኑ ታይቷል። የድኝ ቅባት ሽታው ባያስደስትም ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮችም ይሰጣል። የሚጠቅመው ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲቀባና ልብሱም ሲታጠብ ነው።

ይኸው ቅባት ግን የሥጋ ደዌን አያድንም። ለዚያ በሽታ ሌላ የድኝ መንገድ ተፈልጎ የተገኘው ከኢያሱ ዘመን ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1941 በአሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ በካርቪል ሆስፒታል ሰልፎን ከሚባሉት፥ ድኝ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ ከሚገኝባቸው መድኃኒቶች አንዱ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተሞከረና ውጤቱ አስደሰተ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዳፕሶን የሚባለው ክኒን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር እየተሰጠ ሚሊዮኖችን አድኗል። በአዲስ አበባም በ1965 የተቋቋመው አለርት ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ትምህርት የቆመ ነበር። ከአንድ ማዕድን የተገኘው አንዱ ለእከክ፥ ሌላው ለሥጋ ደዌ ሆነ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ዛሬ ደግሞ ድኝ በክኒን መልክ ለቆዳ፥ ለጠጉርና ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል እየተባለ ይሸጣል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ጥቂት ማቃለል እንደሚሰጥ ያሳዩ አነስተኛ ሙከራዎች ቢኖሩም፥ ለቆዳ ደዌ መድኃኒት ነው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ሰውነታችን ድኝን የሚያገኘው ከምግብ ነው። ከማክሰኝት ገበያ ለሚሸምት ሰው ይህ ሩቅ አይደለም፤ እንቁላል፥ ጎመን፥ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም ድኝ አላቸው። በጾም ጊዜም ቢሆን ጤፍ ድኝ ባለበት ሜታዮኒን በሚባለው የፕሮቲን ክፍል የተሻለ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ በዚህ በኩል ሲያንሱ ጤፍ የሚጐድለውን ሌላውን ይሰጣሉ። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ገበሬ ሳያውቀው የጎደለውን ሞልቶ ይበላል።

ወደ ንጉሡ ታሪክ እንመለስ። ገላቸው ቢሻልም ሐዘን መጣባቸው። በ1705 የሚወዷቸው ቅድስተ ክርስቶስ ሲሞቱ ኢያሱ የመንግሥቱን ሥራ ትተው ወደ ጣና ደሴት ገቡ። በቤተ መንግሥቱ የቀሩት መኳንንት ይህን ጊዜ ጠብቀው በ1706 ከመለኮታዊት የተወለደውን ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱ ዙፋናቸውን ሊያስመልሱ ጦር አስከትለው ሲነሡ እንደገና ታመሙ፤ ወደ ደሴቲቱም ተመለሱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የመለኮታዊት ወገኖች መጥተው ገደሏቸው። አስከሬናቸው በምጽራሐ ተቀበረ፤ ቤተ ክርስቲያንም በቅዱሳን ቁጥር አስገባቻቸው። አባቱን ያስገደለው ተክለ ሃይማኖት ሁለት ዓመት እንኳ በሰላም ሳይነግሥ እርሱም በ1708 ተገደለ፤ ርጉም የሚለውም ስም ቀረለት።

ከዚህ ታሪክ ተማሪና ወጣት ሠራተኛ የሚማረው ነገር ግልጽ ነው። ኢያሱ ሥልጣን ሁሉ በእጃቸው ሳለ፥ የማያውቁትን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት በረሃ የሚያሻግር መልእክተኛ ላኩ፤ ለዚያም አንድ ዓመት ታገሡ። ዛሬ ሐኪሙ ያለው ከበረሃ ማዶ ሳይሆን በወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ሆኖም ቆዳው የታመመ ሰው አፍሮ የሚሸሸግበት፥ አለዚያም የበሽታውን ስም ሳያውቅ ክኒን የሚገዛበት ጊዜ ብዙ ነው። ድኝ መልካም መድኃኒት ነው፤ መልካም የሚሆነው ግን በሽታው አስቀድሞ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ንጉሥ ያላፈረበትን ጥያቄ እኛ ልናፍርበት አይገባም።