የዛፍ በሽታዎች ሳይንስ መሥራች ሮበርት ሃርቲግ

ከሚዛን ተፈሪ በሸኮ አቋርጦ ወደ ቴፒ በሚዘልቀው አካባቢ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን ለይቶ ማወቅ በዚህ ምድር የአርሶ አደሩን የገቢ ምንጭ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት ቀደምት ሊቃውንት መካከል ጀርመናዊው ሮበርት ሃርቲግ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሃርቲግ እ.ኤ.አ ሜይ 30 ቀን 1839 በብራውንሽቫይግ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ጌኦርግ ሉድቪግ ሃርቲግና አባታቸው ቴዎዶር ሃርቲግ ስመ ጥር የደን ሊቃውንት ስለነበሩ ሙያውን የቀሰሙት ከቤታቸው ጀምሮ ነው። ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላም በርሊን አቅራቢያ በሚገኘው የኤበርስቫልደ የደን አካዳሚ ማስተማር ጀመሩ።

በዘመኑ በታመመ ዛፍ ላይ የሚታየው እንጉዳይ የመበስበስ ውጤት እንጂ መንስዔ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነበር። አስተሳሰቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ ደን ጠባቂው ዛፉ ሲሞት ከመመልከት በስተቀር የሚያደርገው ነገር ባልኖረ ነበር። ሃርቲግ ግን ፈንገሱ አስቀድሞ ወደ ዛፉ ገብቶ እንደሚያበሰብሰው በማይክሮስኮፕ በመታገዝ አረጋገጡ።

እ.ኤ.አ በ1874 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ግኝት ለዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ ነው። በሞቱ ዛፎች ቅርፊት ሥር የሚገኙት የጫማ ማሰሪያ የሚመስሉ ጥቁር ክሮች እስከዚያ ጊዜ ድረስ የራሳቸው ስም ተሰጥቷቸው እንደ ሌላ ፈንገስ ይቆጠሩ ነበር። ሃርቲግ እነዚህ ክሮችና ከዛፉ ግርጌ የሚበቅለው ማር መልክ ያለው እንጉዳይ፣ አርሚላሪያ፣ የአንድ ፈንገስ ሁለት አካላት መሆናቸውን አሳዩ። ፈንገሱ በክሮቹ አማካይነት በአፈር ውስጥ ከታመመ ሥር ወደ ጤነኛ ዛፍ ሥር ይሻገራል። ሌላ ሥር አበስባሽ ፈንገስ ለሚያጠቃቸው የጥድ ወገን ዛፎችም በታመሙት ዙሪያ ቦይ በመቆፈር ሥርጭቱን መግታት እንደሚገባ መክረዋል።

እ.ኤ.አ በ1878 ስለ እንጨት መበስበስ ያሳተሙት ሥራ እያንዳንዱ ፈንገስ በእንጨት ላይ የራሱን ምልክት እንደሚተው ያስረዳ ነው። አንዳንዱ እንጨቱን ነጭና ጭረታማ ሲያደርገው፣ ሌላው ቡናማና ተሰባሪ ያደርገዋል። በዚያው ዓመት ወደ ሙኒክ ተዛውረው በፕሮፌሰርነት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ በ1882 ያወጡት የዛፍ በሽታዎች መማሪያ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ በ1894 ታትሟል። ሃርቲግ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 9 ቀን 1901 በሙኒክ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሃርቲግ የመረመሩት አርሚላሪያ ሜሊያ ለረጅም ዘመን አንድ ዝርያ ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ በ1978 በፊንላንድ ይፋ የሆነ የማዳቀል ጥናት በአውሮፓ ብቻ እርስ በርስ የማይዳቀሉ አምስት ዝርያዎች በአንድ ስም ሲጠሩ መኖራቸውን አረጋገጠ። የመልክ ምርመራ በዘረመል መደገፍ እንዳለበት የታወቀው በዚህ መንገድ ነበር።

በኢትዮጵያም ቡናን፣ የፓይነስ ዛፎችንና የተለያዩ አገር በቀል ዛፎችን የሚያጠቃው ፈንገስ አርሚላሪያ ሜሊያ እንደሆነ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ በ2000 እና በ2001 ተመራማሪዎች ሚዛንን፣ ጅማን፣ በደሌን፣ ወንዶ ገነትንና ሙኔሳ ሻሸመኔን ባካተተ ጥናት ከተተከሉ ደኖች ናሙና ሰበሰቡ። በቅድሚያ የእንጉዳዩን ቅርጽ መረመሩ፤ ቀጥሎም የዲኤንኤ ቅደም ተከተሉን በሌሎች አገሮች ከታወቁት ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት ፈንገሱ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ በ1909 ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ የተመዘገበው አርሚላሪያ ፉሲፔስ ሆኖ ተገኝቷል። ዝርያው በኢትዮጵያ ሲመዘገብም የመጀመሪያው ነበር።

ስሙ በትክክል መታወቁ በአንድ አካባቢ የተገኘ ልምድ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ለመመዘን ያስችላል። ዛፍ ተቆርጦ ጉቶውና ሥሩ በመሬት ውስጥ ሲቀሩ ለፈንገሱ ለዓመታት ቀለብ ይሆኑታል፤ ከዚያም ወደ አዲሱ ተክል ይሻገራል። ስለሆነም በሸኮና በአካባቢው ቡና ከመተከሉ በፊት የታመመን ዛፍ ጉቶ ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድ ተገቢ ነው። የምክሩ መነሻም ሃርቲግ ከ150 ዓመታት በፊት ከቅርፊት ሥር ባገኟቸው ጥቁር ክሮች ላይ ያደረጉት ምርምር ነው።