ማሞ ወልዴና ዕድሜ

ሐይቅ ያደገ ሰው የአምባሰልን ዳገት ያውቀዋል። ልጆች ሳለን ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ተራራው ስንወጣ ግርጌው ላይ እየሮጥን እንቀድማቸው ነበር። ከእኩሌታው በላይ ግን እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስናለከልክ፣ እነሱ በጀመሩት እርምጃ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ያልፉናል። እንግዲህ ዕድሜ ከሰው ጉልበት ምን ይወስዳል? ምንስ ይተውለታል? ለዚህ ጥያቄ ከሻምበል ማሞ ወልዴ ሕይወት የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ማሞ በሰኔ ወር 1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ድሬ ጂሌ ተወለደ። በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ወደ ኮሪያም ዘመተ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል የ24 ዓመት ወጣት ነበር። የሮጠው 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ሲሆን፣ በአንዱም ከማጣሪያ አላለፈም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዚያው በ1924 የተወለደው የሠራዊት ባልደረባው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ ማሞ ከቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ማሞ ግን ዕድሜው ሲገፋ መንገዱን አስረዘመ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ32 ዓመቱ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን ጀምሮ አቋረጠ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር አገኘ። ከሳምንት በኋላ በማራቶን አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ሁለተኛውን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገባ። ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበር።

ከሮም ድል ልክ 12 ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የ40 ዓመቱ ማሞ ሙኒክ ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ነሐስ አገኘ። ሰዓቱ ከሜክሲኮው በ5 ደቂቃ ያጥራል። እርግጥ ሜክሲኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሯ ለሯጭ ይከብዳል። ቢሆንም በ40 ዓመት እንዲህ መሮጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ ተአምር አይደለም። በዕድሜ አስቀድሞ የሚቀንሰው ፈንጥቆ የሚነሣው የጡንቻ ኀይል ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጽናት ግን በልምምድ ከተጠበቀ ብዙ ዓመት ይቆያል። ጉዳት የደረሰበት ጅማትና መገጣጠሚያ ደግሞ እንደ ወጣትነት ጊዜ ፈጥኖ አይድንም። ስለዚህም በአንድ ዓመት የተወለዱት ሁለቱ ሯጮች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዱ ሲያቋርጥ ሌላው አሸነፈ።

ማሞ በ1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ በመላ አፍሪካ ጨዋታ ማራቶንን አሸንፏል። እርጅናው ግን ዕረፍት አልሆነለትም። በደርግ ዘመን ተፈጸመ በተባለ ግድያ ተከስሶ፣ ክሱን እየካደ፣ 9 ዓመት ያህል ታሰረ። በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ 6 ዓመት ሲፈረድበት፣ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ታስሮ ስለ ነበር ተለቀቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን፣ በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን ነባር በረኛውን አርጅቷል በማለት አሰናበተው፤ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርሁ። እንደ ቀድሞው አይዘልም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኳሱ ከየት እንደሚመጣ ከሁላችን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ተከላካዮችንም በየቦታቸው የሚያቆም እሱ ነበር። ምን እንዳጣ ቈጠርን እንጂ ምን እንደ ቀረው አልጠየቅንም። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ሐይቅ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሱ ቤት ነው።