ሰር ጁልያን ሃክስሊ እና የጌዴኦ ምድር

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። የዚሁ ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰር ጁልያን ሃክስሊ፣ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ለጥበቃ፣ ለሕዝብ መዝናኛና ለንግድ ልማት በምን ሚዛን ሊውል ይገባዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ደጋግመው የሠሩ ሰው ነበሩ። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ መንገድ ለሚቀይስ፣ ቡና ማጠቢያ ለሚተክልና የእንግዳ ማረፊያ ለሚነድፍ መሐንዲስ የሕይወታቸው ታሪክ ጠቃሚ ትምህርት አለው።

ሃክስሊ በ1879 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ የዳርዊንን ትምህርት በአደባባይ በመደገፍ የታወቁ ሊቅ ሲሆኑ፣ ወንድማቸው ኦልደስም ስመ ጥር ደራሲ ነበሩ። ጁልያን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ፣ በ1904 ዓ.ም. ትሪንግ በተባለ ሥፍራ የአንድ የውሃ ወፍ ዝርያ ወንድና ሴት እንዴት እንደሚጣመሩ አጠኑ፤ ይህም ጥናት ለእንስሳት ጠባይ ምርምር መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ። ወፎቹ የሰፈሩባቸው ኩሬዎች የንግድ ጀልባዎች ለሚመላለሱበት ቦይ ውሃ እንዲያቀርቡ በመሐንዲሶች የተገነቡ ነበሩ።

ከ1927 እስከ 1934 ዓ.ም. የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ የእንግሊዝንና የዌልስን የዱር ሕይወት ጥበቃ የሚያጠና ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መሩ። የኮሚቴው ሐሳብ ሕዝብ የሚዝናናበትን ብሔራዊ ፓርክ፣ ጥበቃ ከሁሉ ከሚቀድምበት ጥብቅ ሥፍራ የለየ ነበር። ከ1939 እስከ 1941 ዓ.ም. ዩኔስኮን ከመሩ በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. የአፍሪቃን የዱር አራዊት ይዞታ ለማጥናት ተጓዙ። በጋዜጣ ያወጧቸው ጽሑፎችም የዓለም የዱር አራዊት ፈንድ በ1953 ዓ.ም. እንዲቋቋም መንገድ ጠረጉ። የዱር አራዊት ከጎብኚ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል፣ ይህም ጥበቃውን እንደሚደግፍ ያምኑ ነበር።

ነቀፋ የሌለበት ሕይወት ግን አልነበረም። የሰው ዘር በምርጫ ይሻሻላል የሚለውን፣ ዛሬ የተወገዘውን ትምህርት የሚያራምደውን የአገራቸውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

በ1955 ዓ.ም. በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ፣ የዩኔስኮን የባለሙያዎች ቡድን እየመሩ ኢትዮጵያን ጎበኙ። ከዚህ በኋላ የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ የአዋሽ ፓርክ በ1961፣ የስሜን ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለሉ። ሃክስሊ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አረፉ።

የአዋሽ ታሪክ ሚዛን እንዴት እንደሚዛባ ያሳያል። ጎብኚ ሳላ የሚመለከትበት ሜዳ የከረዩ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። በአንድ ወገን የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ፣ በሌላ ወገን ፓርኩ መሬቱን ሲይዙት፣ የልማቱንም የመዝናኛውንም ዋጋ የከፈሉት ከረዩዎች ሆኑ። በዚህም የተነሣ በፓርኩና በነዋሪው መካከል የተፈጠረው ቅራኔ ለብዙ ዓመታት ዘልቋል።

የጌዴኦ ምድር ከዚህ ይለያል። በዚያ ዛፉን የሚተክለውና የሚጠብቀው ገበሬው ራሱ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በጥላቸው ደግሞ ቡና ይበቅላል። እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ለገበያ ይወጣል። ሽማግሌዎች በባህላዊ ሥርዓት የሚጠብቋቸው ደኖችና የጨልባ ቱቱቲና የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮችም ጎብኚ የሚሹ ናቸው። ነገር ግን ለቡና ሽያጭ ሲባል እንሰቱና የጥላው ዛፍ ከተመነጠሩ፣ ተዳፋቱን አፈር ዝናብ ይጠርገዋል። የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ሳይጣራ ከተለቀቀ ወንዙ ይበከላል፤ የእንግዳ ማረፊያም ከቅዱሱ ደን ውስጥ ከተሠራ ጎብኚው ሊያየው የመጣው ነገር ይጠፋል።

ስለዚህ መንገድ ሲቀየስ የጎርፍ መውረጃው ከነገበሬው ማሳ ሊታሰብለት፣ ማረፊያው ከደኑ ርቆ ወደ ከተማው ተጠግቶ ሊሠራ፣ ከጎብኚ ከሚገኘው ገቢም ዛፉን ላቆየው ገበሬ ድርሻው አስቀድሞ ሊወሰንለት ይገባል። ከአዋሽ የተገኘው ትምህርት ይህ ነውና፣ በዲላ ዙሪያ ለሚሠራ ማንኛውም ንድፍ የነዋሪው ድርሻ የመጀመሪያው ስሌት ሊሆን ይገባል።