ፑሽካሽን ጎሎቹ የከዱት ጊዜ

ሃንጋሪያዊው ፈረንስ ፑሽካሽ ለሀገሩ በ85 ጨዋታ 84 ጎል አግብቷል። እ.ኤ.አ በ1953 እንግሊዝ በዌምብሌይ 6ለ3 ስትንኮታኮት ሁለቱ የእሱ ነበሩ። በ1960 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ ለሪያል ማድሪድ ብቻውን አራት አስቆጠረ። በፍጻሜ አራት! ዛሬም ድረስ የሚወራ ነው።

በ2000 ግን አልዛይመር እንደያዘው ታወቀ። መድኃኒት የሌለው ይህ በሽታ ቀስ እያለ ትዝታን ይበላል፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጎል ከራሱ ከባለቤቱ ይጠፋል። በ2002 የቡዳፔስቱ ትልቁ ስታዲየም በስሙ ተሰየመ። ስም ግን የሕክምና ወጪ አይሸፍንም። በኦገስት 2005 ሪያል ማድሪድ ለመታከሚያው ገንዘብ ለማሰባሰብ ቡዳፔስት ድረስ ሄዶ ተጫወተ፤ ክለቡ እንኳ አልረሳውም። ሻለቃው በኖቬምበር 2006 በ79 ዓመቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።