ኢሊያ ሜችኒኮፍ፤ ከሰፍነግ ሕዋስ እስከ ሰው ደም

ሰፍነግ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በስቅለቱ ንባብ ውስጥ ሆምጣጤ ተሞልቶ በመቃ ላይ የተሰካው ነገር ሆኖ ነው። ይኸው ነገር አፍም፣ ሆድም፣ ነርቭም የሌለው፣ ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ የሚኖር የአንድ እንስሳ አጽም መሆኑን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። አፍ የሌለው እንስሳ እንዴት ይመገባል የሚለው ጥያቄ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንስሳት ሊቃውንትን አከራክሯል። ከተከራካሪዎቹ አንዱ የነበረው ኢሊያ ኢሊች ሜችኒኮፍ መልሱን ለመፈለግ የጀመረው ጉዞ፣ ሳያስበው የሰው አካል በሽታን እንዴት እንደሚቋቋም ወደ መረዳት አደረሰው።

ሜችኒኮፍ የተወለደው በግንቦት ወር 1845 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በዩክሬን ግዛት በሚገኘው በካርኮፍ አካባቢ ነው። አባቱ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኛ መኰንን ሲሆን እናቱ ከአይሁድ ወገን የተወለደች ነበረች። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው የነበረው ኢሊያ በካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ በ1864 ዓ.ም. ሲመረቅ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ችኩልነቱና ሥራ ወዳድነቱ ዕድሜውን ሁሉ አልተለዩትም፤ ወዳጅም ጠላትም ያፈሩለት እነርሱ ናቸው።

በ1865 ዓ.ም. በጀርመን አገር በጊሰን ከተማ ሲሠራ አንድ የየብስ ጠፍጣፋ ትል መረመረ። የትሉ ምግብ በአንጀቱ ክፍተት ውስጥ ሳይሆን በአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ እንደሚሟሟ ተመለከተ። ይህ አሜባን የመሰለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት የሚመገብበት መንገድ ነው። አሜባ አካሉን እንደ ክንድ ዘርግቶ ምግቡን ይከበዋል፤ ወደ ውስጡ አስገብቶም በትንሽ ከረጢት ውስጥ ያሟሟዋል። ብዙ ሕዋሳት ያሉት እንስሳም ይህን ጥንታዊ ልማድ አለመተዉ ወጣቱን ተመራማሪ አስገረመው። የሰፍነግን ነገር በብርቱ የተከታተለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የሰፍነግን ውጫዊ ገጽ ጠፍጣፋ ሕዋሳት እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተደርድረው ይሸፍኑታል። በውስጠኛው ክፍል፣ በትንንሽ ክፍሎች ዙሪያ፣ ባለ አንገትጌ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ረጅም ጅራፍና በጅራፉ ግርጌ ዙሪያ የቆመ፣ ከጥቃቅን ዘንጎች የተሠራ አንገትጌ አለው። በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ባለው እንደ ሙጫ የላላ ንጣፍ ውስጥ ደግሞ አሜባን የሚመስሉ ሕዋሳት ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሌሎች ሕዋሳት የአጽሙን እሾህ ይሠራሉ። ጅራፎቹ ባለማቋረጥ ሲወዛወዙ ውሃው በደቃቅ ቀዳዳዎች ይገባል፤ በአንገትጌዎቹ ሲያልፍ ባክቴሪያን የሚያህሉ ቅንጣቶች ይያዛሉ፤ የተጣራው ውሃ በሰፊው መውጫ ይወጣል። የተያዘው ምግብ በከፊል ለአሜባ መሰሎቹ ሕዋሳት ይተላለፋል፤ እነርሱም አሟሙተው ለሌላው አካል ያድሉታል።

እዚህ ላይ የውሃ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ የሚገረምበት ነገር አለ። የአንዲት ጅራፍ ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ ውሃው በሚጣራባቸው ክፍሎች የመተላለፊያው ጠቅላላ ስፋት ከመግቢያውም ከመውጫውም እጅግ ስለሚበልጥ ፍሰቱ እዚያ ይዘገያል፣ ለማጣራትም ጊዜ ይገኛል። ወደ አንዱ መውጫ ሲሰበሰብ ግን ይፈጥናል፤ ምግቡን ያጣው ውሃ ርቆ ስለሚወረወርም በቶሎ ተመልሶ አይገባም። ማንም መሐንዲስ ይህን ንድፍ የእኔ ነው ቢል የሚያፍርበት አይሆንም።

አሜሪካዊው ሄንሪ ጄምስ ክላርክ በ1860ዎቹ ውስጥ እነዚህ ባለ አንገትጌ ሕዋሳት በውሃ ውስጥ ብቻቸውን ከሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ጋር እጅግ እንደሚመሳሰሉ አስታውቆ ነበር፤ በዘመናችን የተደረገው የዘር ቅንጣት ምርመራም እነዚያ ፍጥረታት ለእንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመድ መሆናቸውን አረጋግጧል። ሜችኒኮፍን ይበልጥ የሳቡት ግን በመካከለኛው ንጣፍ የሚዘዋወሩት ሕዋሳት ነበሩ። ቀይ የካርሚን ብናኝ ለሰፍነግ ሲሰጥ ብናኙን እነዚህ ሕዋሳት ውጠውት አገኘ። ስመ ጥሩው ኤርንስት ሄክል የእንስሳት ሁሉ አባት ሆድና አፍ ያለው ኮሮጆ መሰል ፍጥረት ነው ብሎ ሲያስተምር፣ ሜችኒኮፍ የለም፣ መጀመሪያ የነበረው ድፍን የሕዋሳት ስብስብ ነው፤ በውጭ ያሉት ሕዋሳት ምግብ ይይዙና ለማሟሟት ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር የሚል አሳብ አቀረበ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

የግል ሕይወቱ በዚህ ጊዜ ሁሉ የተረጋጋ አልነበረም። በ1869 ዓ.ም. ያገባት ሉድሚላ በሳንባ ነቀርሳ ከመዳከሟ የተነሣ ለሠርጓ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተይዛ ነው። በ1873 ዓ.ም. በማዴይራ ደሴት ስታርፍ ሜችኒኮፍ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። በ1875 ዓ.ም. ሁለተኛ ሚስቱን ኦልጋን አገባ። እርሷም በታይፎይድ ክፉኛ ታመመች፤ በዩኒቨርሲቲውም የፖለቲካው ውጥረት በረታ፤ በ1880ዎቹ መግቢያ በአገራችንም የሚታወቀውን የግርሻ ትኩሳት ያለበት ደም ወደ ራሱ ሰውነት አስገብቶ ለሞት ተቃረበ። ከዚህም ዳነ። በ1882 ዓ.ም. የኦዴሳ ፕሮፌሰርነቱን ለቆ ከሚስቱና ከእርሷ ታናናሾች ጋር ወደ ሲሲሊ፣ ወደ መሲና ከተማ ሄደ።

በመሲና የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ተተርኳል። ቤተ ሰቡ ጦጣዎች ሲጫወቱ ለማየት ወደ ሰርከስ ሄዶ ሳለ፣ እርሱ ብቻውን ቤት ቀርቶ ብርሃን የሚያሳልፈውን የባሕር ኮከብ እጭ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። በእጩ ውስጥ የሚዘዋወሩት ሕዋሳት ምግብ መዋጥ ብቻ ሳይሆን ወራሪንም መዋጋት ይችሉ ይሆን የሚል አሳብ መጣለት። ለልጆቹ የገና ዛፍ ሆኖ ከተሰናዳው የመንደሪን ዛፍ አጠገብ ካለው አትክልት ቦታ የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ በእጩ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሕዋሳቱ እሾሁን ከብበውት አገኛቸው፤ በሰው ጣት ስንጥር ሲገባ መግል እንደሚይዝ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያወራው ራሱ ሜችኒኮፍ ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ታሪኩ እጅግ ከማማሩ የተነሣ ግኝቱን የአንድ ሌሊት ሥራ ያስመስለዋል፤ ይህ ግን ልክ አይደለም። ባለፉት 17 ዓመታት በትልና በሰፍነግ ላይ ያየው ባይኖር ኖሮ እሾሁ ምንም ባልነገረው ነበር። አዲሱ ነገር፣ መብላትና መከላከል ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ሥራዎች ናቸው የሚለው አሳብ ነው፤ አንጀት ምግብ የማሟሟቱን ሥራ ከተረከበ በኋላ ተዘዋዋሪዎቹ ሕዋሳት የጥንት ችሎታቸውን ለዘብነት አዋሉት።

በ1883 ዓ.ም. በቪየና የሚያስተምረው ካርል ክላውስ ከግሪክ ቃል ወስዶ ለእነዚህ ሕዋሳት ፋጎሳይት፣ ማለት በላተኛ ሕዋስ፣ የሚል ስም አወጣላቸው። በመሲና የጎበኘው ሩዶልፍ ፊርሖ ሥራውን ቢያደንቅም እንዲጠነቀቅ መከረው፤ በጊዜው ሐኪሞች ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርምን በሰውነት ውስጥ ያሰራጫሉ ብለው ያምኑ ነበርና። ሜችኒኮፍ በ1884 ዓ.ም. የውሃ ቁንጫ በምትባለው ጥቃቅን እንስሳ ላይ መልሱን ሰጠ። መርፌ የመሰለ የእርሾ ዘር አንጀቷን በስቶ ሲገባ የደም ሕዋሳቷ ይከቡታል፤ ከዋጡት እንስሳዪቱ ትድናለች፣ ካመለጣቸው እርሾው ይባዛና ትሞታለች።

ከዚያ ወዲያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ክርክር ሆነ። በኦዴሳ የተቋቋመው የባክቴሪያ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ቢሾምም፣ እርሱ በሌለበት በባልደረቦቹ የተሰጠ የአባሰንጋ ክትባት ብዙ በጎችን ስለ ፈጀ ሥራውን ትቶ በ1888 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር ፓሪስ በሚገኘው ተቋሙ ተቀበለው። በ1890 ዓ.ም. ቤሪንግና ኪታሳቶ በደም ውሃ ውስጥ መርዝ የሚያመክን ነገር መኖሩን ሲያሳዩ፣ የጀርመን ሊቃውንት መከላከያው ፈሳሹ እንጂ ሕዋሱ አይደለም ብለው ተነሡበት። የሚያስገርመው፣ የፈሳሹን ወገን ካጠናከሩት ግኝቶች አንዱ፣ የጁል ቦርዴ ሥራ፣ የተገኘው በሜችኒኮፍ በራሱ ላቦራቶሪ ነው፤ እርሱም አላገደውም። በ1903 ዓ.ም. አልምሮዝ ራይት የደም ውሃ ጀርሙን ለበላተኛ ሕዋሳት እንደሚያዘጋጅላቸው አሳየ። በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የፈሳሹን ወገን ላቆመው ለፓውል ኤርሊኽ በጋራ ተሰጠ።

በእርጅና ዘመኑ እርጎ ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ያስተማረው ትምህርት በሕዝብ ዘንድ ከሌላው ሥራው ይበልጥ ስሙን አስጠርቶታል። እርጎ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን እርጅና በአንጀት ባክቴሪያ መርዝ ይመጣል የሚለው ክርክሩ ከሥራዎቹ ሁሉ ደካማው ነበር።

የሕዋሱ ነገር ግን ቀጥሏል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ሲርባቸው ተሰብስበው አንድ አካል የሚሆኑ የአፈር አሜባዎች፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት በስብስቡ ውስጥ እየተዘዋወሩ ባክቴሪያ እንደሚውጡና ሌሎቹን ከጉዳት እንደሚጠብቁ አሳይቷል። ሜችኒኮፍ ይህን አላየም። በ1916 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ረዳቶቹን በበታተነበት ጊዜ፣ በልብ ሕመም በፓሪስ ዐረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ ዐመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ።