በገና ዋዜማ የተወለደው ለስላሳ ሌንስ

ዛሬ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች መነጽርን ትተው በቀጥታ ዓይናቸው ላይ ለሚያርፈው ለስላሳ ሌንስ መነሻ የሆኑት ቼኩ የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ቪክተርሌ እ.ኤ.አ. በ1913 በሞራቪያ፣ በፕሮስትዬዮቭ ከተማ ተወለዱ። በ1939 ናዚዎች የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጉ በዝሊን ከተማ በባታ ጫማ ፋብሪካ የምርምር ክፍል ተጠጉ፤ በዚያም ናይለን መሰል ክር ሠሩ። በ1942 ጌስታፖ ይዞ ለወራት አሰራቸው።

ከጦርነቱ በኋላ በአንድ የባቡር ጉዞ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ ተሳፋሪ በዓይን ውስጥ ስለሚተከል ምትክ አካል ሲያነብ ተመለከቱ። ከዚያ በተጀመረው ጨዋታ፣ ብረትም ሆነ ደረቅ ፕላስቲክ ለሰው ገላ ባዕድ መሆኑን፣ የሚሻለውም ውሃ የሚስብ ፖሊመር መሆኑን አሰላሰሉ። ከድራሆስላቭ ሊም ጋር የሠሩት ጄል ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል።

ፈተናው ቅርጽ ማውጣቱ ላይ ነበር። ጄሉ በሁለት ክዳን በሚገጥም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲረጋ፣ ማውጫው ሲከፈት የሌንሱ ጠርዝ ይቀደድ ነበር፤ የተቀደደ ጠርዝ ደግሞ ዓይንን ይቆረቁራል። ባለሥልጣናቱም ተስፋ ቆርጠው ጥናቱን አስቆሙ። ቪክተርሌ ግን በ1961 የገና ዋዜማ በቤታቸው ሜርኩር ከተባለው የልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ፣ ከብስክሌት ዲናሞና ከበር ደወል ትራንስፎርመር አንዲት መሣሪያ ገጣጠሙ። ፈሳሹን ክፍት በሆነ ትንሽ ማውጫ ውስጥ እያሽከረከሩ አረጉት። የውጪውን ገጽ ማውጫው፣ የውስጡን ጉድጓድ ደግሞ የሽክርክሪቱ ፍጥነት ቀረጸው፤ ጠርዙም ሳይቀደድ ወጣ። በዚያች ዕለት አራት ሌንሶች ተሠሩ። በቀጣዮቹ አራት ወራት ከባለቤታቸው ከሊንዳ ጋር 5500 ያህል ሠሩ፤ ያውም በመጫወቻ ቁርጥራጭ።

የፈጠራው መብት በ1965 ለአሜሪካ ኩባንያ ተሸጠ፤ ሌንሱም በ1971 በአሜሪካ ለገበያ ተፈቀደ። ትርፉ ግዙፍ ነበር፤ የፈጣሪው ድርሻ ግን ኢምንት። ቪክተርሌ በ1968 የለውጥ ጥያቄ ያነገበውን ሰነድ በመፈረማቸው ከመሠረቱት ተቋም የኃላፊነት ወንበር ተነሱ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1990፣ የቼኮስሎቫኪያ ሳይንስ አካዳሚን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ1998 በ84 ዓመታቸው አረፉ።